«ንጹሕ» የሚለውን የሚወስነው ማን ነው?



በዚህ ገጽ ላይ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ምርጫና ስለ መሬት ሥሪት ስጽፍ ለተከታተላችሁኝ ሁሉ፣ ዛሬ ስለ አንድ ብርጭቆ ቢራ ልጽፍ መነሣቴ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። «ዶክተሩን ደግሞ ምን ነካው?» የሚለኝ ወዳጅ እንደማይጠፋም አውቃለሁ። ነገር ግን የሥልጣን ታሪክ የሚሠራው በቤተ መንግሥትና በምክር ቤት ብቻ አይደለም። ሕዝብ ከሚበላውና ከሚጠጣው መካከል የትኛው «ንጹሕ»፣ የትኛው «የተበላሸ» እንደሚባል መወሰን የቻለ ሁሉ ሥልጣን በእጁ ገብቷል ማለት ነው። የዛሬው ጽሑፌ ይህን የሥልጣን ዓይነት በአንድ መጠጥ ታሪክ በኩል ለማየት ይሞክራል። በመጨረሻም በራሴ ላይ የምመሰክረው አንድ ጥፋት አለ። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

ብርጭቆው

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ለአንድ ዐውደ ጥናት ወደ ብራስልስ ሄጄ ነበር። ጽሑፌን አቅርቤ ከጨረስሁ በኋላ፣ በከተማዋ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ወደ ቤቱ ወሰደኝና እንደ ሻምፓኝ በቡሽና በሽቦ የታሠረ ጠርሙስ ከምድር ቤቱ አወጣ። «ይህን ሳትቀምስ ብራስልስን አየሁ እንዳትል» አለኝ። መጠጡ በከተማዋ ምዕራብ በኩል ባለ አንድ ትንሽ ቤት የተዘጋጀ፣ ማንም እርሾ ሳይጨምርበት በራሱ ጊዜ የፈላ፣ ኦክ ከተባለው ጠንካራ የአውሮፓ ዛፍ በተሠራ በርሜል ውስጥ ዓመታት የቆየ፣ በመጨረሻም የብርቱካን ልጣጭ የተዘፈዘፈበት ቢራ ነበር።

ቀለሙ የደፈረሰ ወርቅ ይመስላል። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው በመጀመሪያ የመጣልኝ የብርቱካን ሽታ ነው፤ የጭማቂው ሳይሆን፣ ብርቱካን በጥፍር ሲላጥ ፊት ላይ የሚረጨው የልጣጩ ዘይት ሽታ። ከዚያ ሥር ሌላ ሽታ አለ፦ እርጥብ ድርቆሽ፣ የቆየ የፈረስ ኮርቻ፣ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የተከፈተ ጓዳ። ስጎነጨው ኮምጣጣነቱ መንጋጋዬን ያዘኝ። እንደ ሎሚ ቶሎ መጥቶ ቶሎ የሚሄድ አይደለም፤ እየሰፋ የሚሄድ፣ እርጎን የሚያስታውስ ኮምጣጣ ነው። ቀጥሎ የልጣጩ ምሬት መጣ። በመጨረሻም የበርሜሉ እንጨት እንደ ወፍራም ሻይ ምላሴን አደረቀው። በውስጡ የጣፋጭነት ጠብታ እንኳ አልነበረም።

በሦስተኛው ጉንጭ ብርጭቆውን አስቀመጥሁትና «ይህንንስ አውቀዋለሁ!» አልሁ። ጓደኛዬ ሳቀ። «ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለኝ» አለ። በእርግጥም ያወቅሁት የብርቱካኑን ጣዕም አልነበረም። ያወቅሁት ከሥሩ ያለውን፣ በእናቴ ጓዳ ጥግ ይቆም ከነበረው ጋን አፍ የሚወጣውን ነገር ነው። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ያልተጋበዙት እንግዶች

የዚህ መጠጥ መሠረት «ላምቢክ» ይባላል። አገሩ ብራስልስና ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ የሚገኘው ፓዮተንላንድ የተባለው ገጠር ነው። ጠማቂው የገብስ ብቅልና ያልበቀለ ስንዴ በሙቅ ውሃ ያሻል፤ ጭማቂውን ከቆየ ሆፕ ጋር ለሰዓታት ያፈላል። (ሆፕ በእነርሱ ዘንድ የጌሾን ቦታ የያዘ ተክል ነው። ላምቢክ ጠማቂዎች ሆነ ብለው ዓመታት ያስቆዩታል፤ ምሬቱ ይለዝባል፣ ከመበስበስ የመከላከል ኃይሉ ግን ይቀራል።) ከዚያም ትኩሱን ጭማቂ ከጣሪያ ሥር ባለ ሰፊና ጥልቀት በሌለው ገበታ ላይ አፍስሶ ሌሊቱን ክፍት አድርጎ ያሳድረዋል። ሥራው ከመጸው እስከ ጸደይ ባሉት ቀዝቃዛ ወራት ብቻ የሚከናወን ነው። በነጋታው ፈሳሹ ወደ እንጨት በርሜሎች ይገለበጣል። እርሾ የጨመረበት ማንም የለም፤ ሆኖም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈላል።

ያፈላው ማን ነው? ለረጅም ዘመን የነበረው መልስ «የሴን ሸለቆ አየር» የሚል ነበር። ሴን በብራስልስ መሐል ያልፍ የነበረ ወንዝ ነው። በቆሻሻው ምክንያት ከ1867 እስከ 1871 ባለው ጊዜ በመሐል ከተማው የሚያልፈው ክፍሉ ከነግንቡ በመንገድ ሥር ተቀብሯል። ወንዙ ከተቀበረ በኋላም ቢራው መፍላቱን አላቆመም። በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ከአየሩ እኩል፣ ምናልባትም ከአየሩ በላይ፣ የሕንፃው ግድግዳና የበርሜሎቹ እንጨት የእርሾው መኖሪያ መሆናቸውን አሳይተዋል።

በበርሜሉ ውስጥ የሚሆነው ነገር የመንግሥታት መፈራረቅ ይመስላል። በመጀመሪያ ከአየርና ከዕቃ የገቡ ባክቴሪያዎች ለጥቂት ሳምንታት ይሠለጥናሉ። ቀጥሎ ሳካሮማይሲስ የተባለው የተለመደው የቢራና የዳቦ እርሾ ወገን ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል። ሙቀቱ ሲመለስ ፔዲዮኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ኮምጣጣውን ያመጣል። በዚህ ጊዜ ቢራው አንዳንዴ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፤ ጠማቂዎቹ «ታሟል» ይሉታል። ነገር ግን አይደፉትም፤ ይጠብቃሉ። ብሬታኖማይሲስ የተባለው ዘገምተኛ የዱር እርሾ ያንን ዝልግልግ ነገር ቀስ በቀስ ይበላና ቢራው ይድናል። የድርቆሹና የኮርቻው ሽታ የዚህ እርሾ ሥራ ነው። የኦክ በርሜል የተፈለገውም ለዚህ ነው፦ እንጨቱ አየር በጥቂቱ ያስገባል፣ በስንጥቆቹም ውስጥ እርሾው ከዓመት ዓመት ተደብቆ ይኖራል። የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ላምቢክ ተዋህዶ በጠርሙስ ውስጥ ዳግም ሲፈላ «ጉዝ» የሚባለውን ያስገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ስም ልብ በሉልኝ። ከላይ የጠቀስሁት ኮምጣጣ አምጪ ባክቴሪያ ሙሉ ስሙ ፔዲዮኮከስ ዳምኖሰስ ነው። ሁለተኛው ቃል በላቲን «ጎጂ» ማለት ነው። ለአንዱ ጠማቂ ያለ እርሱ ቢራ የማይሆንለት ፍጡር፣ በሳይንስ መዝገብ ላይ ወንጀለኛ ተብሎ ተመዝግቧል። መዝገቡን የጻፈው ማን ነበር?

የንጽሕና ዘመን

«ንጽሕና» በቢራ ታሪክ ውስጥ ከሳይንስ በፊት የገባው በሕግ በኩል ነው። በ1516 የባየርን መሳፍንት ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ በቀር ምንም እንዳይገባበት አዘዙ። አዋጁ እርሾን አይጠቅስም፤ እርሾ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረምና። ይኸው ደንብ በ1906 በመላው የጀርመን ግዛት ሕግ ሆነ። በብርቱካን ልጣጭና በድንብላል የሚጠመቀው የቤልጅየም ቢራ በጀርመን ገበያ «ቢራ» ተብሎ መሸጥ አይችልም ነበር። ይህን እገዳ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1987 «የንግድ መሰናክል ነው» ብሎ እስኪያፈርሰው ድረስ የንጽሕና ሕግ የገበያ አጥርም ሆኖ አገልግሏል።

ቤልጅየም ውስጥ ደግሞ የመንግሥት እጅ በግብር በኩል ገባ። አገሪቱ ከ1815 እስከ 1830 በኔዘርላንዱ ንጉሥ በቀዳማዊ ቪለም ሥር በነበረችበት ዘመን፣ በ1822 የወጣው ሕግ ግብሩን የጣለው በተሸጠው ቢራ ላይ ሳይሆን ብቅሉ በሚታሽበት ጋን ስፋት ላይ ነበር። ጠማቂዎችም ትንሽ ጋን ይዘው በእህል ጢም አድርገው መሙላትን፣ የደፈረሰውን ጭማቂ ደጋግመው እየቀዱ ማፍላትን ሙያ አደረጉት። ይህ ዘዴ በጭማቂው ውስጥ ተራው እርሾ የማይፈጨውን ብዙ ስታርች ይተዋል። ያ ትርፍ ምግብ ነው የዱር እርሾውን ሦስት ዓመት የሚቀልበው። ግብር ሰብሳቢው ሳያውቀው የላምቢክን አሠራር አጸናው። መንግሥታት ያላሰቡትን ሲወልዱ ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

ከዚያ ሳይንስ መጣ፤ እርሱም ባዶ እጁን አልመጣም። ሉዊ ፓስተር ስለ ቢራ ማጥናት የጀመረው ፈረንሳይ በ1870 እና በ1871 በተደረገው ጦርነት በፕሩሲያ ከተሸነፈች በኋላ ነው። ዓላማው የጀርመንን ቢራ የሚበልጥ የፈረንሳይ ቢራ ማስገኘት ስለነበር «የብሔራዊ በቀል ቢራ» ሲል ጠራው። በ1876 ባሳተመው መጽሐፉ ቢራን የሚያበላሹት ባዕዳን ተሕዋስያን መሆናቸውን አሳየ። በኮፐንሃገን ደግሞ የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ተመራማሪ ኤሚል ክርስቲያን ሐንሰን በ1883 ከአንዲት ሕዋስ ብቻ የተራባ «ንጹሕ እርሾ» አስገኘ። የፋብሪካው ባለቤት ያኮብሰን ግኝቱን ሳይደብቅ ለሚፈልጉ ጠማቂዎች ሁሉ በነፃ አደለ። ለዚህ ልግስናው ሊመሰገን ይገባል። ውጤቱ ግን በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ የዓለም ቢራ ወደ ጥቂት የእርሾ ዘሮች መጠቃለሉ ሆነ። ከዚያ ውጭ የሆነው እርሾ ሁሉ «የዱር» ተባለ፤ ሥራውም «በሽታ»።

የዚያ ዘመን አውሮፓ «ንጹሕ ዘር» የሚለውን ሐሳብ በላቦራቶሪ ግድግዳ ውስጥ ብቻ እንዳልተወው ሁላችንም እናውቃለን። ሐንሰንን በዚህ አልከስም፤ እርሱ የቢራን ጣዕም ሊያድን የተነሣ ትጉህ ሰው ነበር። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ አንድ ቃል በአንድ ዘርፍ ድል ሲያደርግ በሌላው ዘርፍ የሚጠቀምበት ሰው አይጠፋም። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ እጥፋት አለው። በ1904 ሌላው የካርልስበርግ ሳይንቲስት ኒልስ ሄልተ ክላውሰን ለንደን ላይ በጠማቂዎች ማኅበር ፊት ቀርቦ አንድ ነገር አስታወቀ። እንግሊዛውያን በበርሜል የሚያስቆዩት ጠንካራ ቢራ ያንን የታወቀ ጣዕሙን የሚያገኘው ከንጹሑ እርሾ ሳይሆን፣ ዘግይቶ ከሚሠራ ሌላ እርሾ ነው አለ። ለእርሾውም «የብሪታንያ ፈንገስ» የሚል ትርጉም ያለውን ብሬታኖማይሲስ የሚለውን ስም ሰጠው። የዱር እርሾን ለማባረር ከተነሣው ቤት የወጣ ሰው፣ የተባረረው እንግዳ የቤቱ ባለሙያ እንደነበር መሰከረ። በ1921 ይኸው የእርሾ ወገን በብራስልስ ላምቢክ ውስጥም ተለይቶ ወጣ፤ የከተማዋን ስም ይዞም ብሬታኖማይሲስ ብሩክሴለንሲስ ተባለ።

የተበላሸው ብርቱካን

በብርጭቆዬ ውስጥ ስለነበረው ብርቱካንም የሚነገር አለ። ስፔናውያን ከቫሌንሲያ የመጣ ብርቱካን በካሪቢያን ደሴት በኩራሳዎ ተከሉ። ደረቁ አፈር ፍሬውን አመረረው፤ የሚበላም አልሆነም። ተክሉ ተበላሸ ተብሎ ተተወ፤ ሜዳ ላይም ቀረ። በኋላ ግን የዚያ መራራ ፍሬ ልጣጭ ሲደርቅ ከጣፋጩ ብርቱካን የበለጠ እንደሚሸት ታወቀ። ደሴቲቱን በ1634 ከስፔን የነጠቁት ሆላንዶች ከባሪያ ንግድ ማዕከልነቷ ጎን ለጎን ልጣጩንም ወደ አውሮፓ ይልኩ ጀመር። ስለዚህ በቢራ ውስጥ የምናሸተው የብርቱካን መዓዛ የቅኝ ግዛት ታሪክም አለበት፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ የታሪክ መምህርነቴን እታዘበዋለሁ።

ልጣጩ ከድንብላል ጋር የገባው ከብራስልስ በስተምሥራቅ በምትገኘው በሆጋርደን መንደር በሚጠመቀው ነጭ የስንዴ ቢራ ውስጥ ነው። የመንደሩ የመጨረሻ ጠማቂ ቤት በ1957 ተዘጋ። በ1966 ግን ወተት አከፋፋይ የነበረው ፒየር ሴሊስ በልጅነቱ ጎረቤቱ ሲጠምቅ ያየውን አስታውሶ ቢራውን አስነሣው። በ1985 ፋብሪካው ተቃጠለ። መልሶ ለማቋቋም ገንዘብ ያቀረበው ትልቁ ኩባንያ ቀስ በቀስ ባለቤት ሆነ። ሴሊስ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1992 በቴክሳስ ግዛት በኦስቲን ከተማ እንደገና ጀመረ። ባለቤቱ ኩባንያ በ2005 የሆጋርደንን ፋብሪካ ዘግቶ ሥራውን ወደ ሌላ ከተማ እንደሚያዛውር አስታወቀ፤ የመንደሩ ሰው ተቃወመ፤ በ2007 ውሳኔው ተሻረ። አንድ ወተት አከፋፋይ ያስታወሰውን ጣዕም በመጨረሻ አንድ መንደር ሙሉ ተከራከረለት።

ማን አተረፈው?

ላምቢክም ከመጥፋት የተረፈው በለስላሳ መንገድ አልነበረም። በ1900 ቤልጅየም ከ3 ሺህ በላይ ጠማቂ ቤቶች ነበሯት። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የጀርመን ወራሪ ጦር የመዳብ ጋኖቻቸውን ለጥይት ሥራ ወረሰ፤ ብዙዎቹ ዳግመኛ አልተከፈቱም። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ደግሞ የለስላሳ መጠጥ ዘመን መጣ፤ ጣፋጭ የለመደው ወጣት ኮምጣጣውን «የአሮጌ ሰው መጠጥ» አለው። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ቢራውን አጣርተውና አጣፍጠው «ጉዝ» በሚለው ስም ሸጡት። ስሙ ቀረ፤ ነገሩ ሄደ።

በዚህ መካከል እምቢ ያሉ ጥቂት ቤተሰቦች ነበሩ። አንዱ በአንደርሌክት ሠፈር የሚገኘው፣ በ1900 የተመሠረተው ካንቲዮን ነው። የቤተሰቡ አማች የሆነው ዣን ፒየር ቫን ሮይ ገበያው ሲደርቅበት በ1978 ጠማቂ ቤቱን ለሕዝብ ክፍት ሙዚየም አደረገው። እኔም ከዐውደ ጥናቱ በኋላ ገብቼ አይቼዋለሁ። ከሁሉ ያስደነቀኝ የሸረሪት ድሩ ነው። ሸረሪቶቹ በርሜሎቹን የሚያጠቁ ዝንቦችን ስለሚበሉ አይባረሩም። «እዚህ ቤት መጥረጊያ አይነካቸውም» ሲሉን፣ ለምን እንደሆነ በኋላ የምነግራችሁ ኃፍረት ጉሮሮዬን ተናነቀው።

እምቢታ ብቻውን ግን በቂ አልነበረም፤ ሕግም ያስፈልግ ነበር። በ1965 የቤልጅየም መንግሥት ላምቢክና ጉዝ ምን እንደሆኑ በንጉሣዊ ድንጋጌ ደነገገ፦ ቢያንስ 30 በመቶ ስንዴ፣ በራሱ የፈላ። ይህም ለማጣፈጡ በር ክፍት ስለተወ በ1997 የአውሮፓ ኅብረት «አሮጌ ጉዝ» የሚለውን ስም ጠበቀ። በዚህ ስም የሚሸጥ ቢራ ውስጥ ያለው ትልቁ ላምቢክ ቢያንስ ሦስት ዓመት በእንጨት በርሜል የቆየ መሆን አለበት። በዚያው ዓመት ጠማቂዎቹና አዋሃጆቹ በማኅበር ተደራጁ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ በአሜሪካ ሜይን ግዛት አላጋሽ የተባለ ጠማቂ ያንኑ ክፍት ገበታ ሠራ። አሜሪካውያኑ በአብዛኛው «ላምቢክ» የሚለውን ስም ለባለቤቶቹ ትተው የራሳቸውን «የዱር ቢራ» ይሉታል። ስም ሲከበር እንዲህ ነው።

የእናቴ ጋን

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። እናቴ ጠላ ሻጭ ነበረች። አምስት ልጆች ያሳደገችው፣ እኔንም ለዩኒቨርሲቲ ያበቃችኝ በዚያ ነው። ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፤ ቂጣውና ብቅሉ ይገባል፤ ድፍድፉ በአሻሮ ይጠነክራል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል። እርሾ ገዝቶ የሚጨምር የለም። ከጌሾው፣ ከብቅሉ፣ ከጋኑም ግድግዳ የመጣው ነው የሚያፈላው። ጠላና ላምቢክ አንድ ናቸው አልልም። አንዱ በቀናት፣ ሌላው በዓመታት ይደርሳል፤ የአጠማመቃቸውም መንገድ ይለያያል። ነገር ግን ሁለቱም ያልተጋበዘውን እርሾ በር ከፍተው ይቀበላሉ።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለክረምት ዕረፍት ቤት መጣሁ። ስለ ተሕዋስያን ጥቂት አንብቤ ብዙ ያወቅሁ መስሎኝ ነበር። «እማዬ፣ ይህ ጋን እኮ የጀርም ጎሬ ነው» አልኋት። እርሷም ሳትቆጣ «ልጄ፣ የሚጠምቀው እኮ ጋኑ ነው፤ እኔ አቅራቢ ነኝ» አለችኝ። ሳቅሁባት። ገበያ በሄደችበት ቀን ጋኑን በበረኪና ደጋግሜ አጥቤ፣ በሽቦ ፈትጌ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ውስጡ ነጣ። እኔም የሠለጠነ ሰው ሥራ ሠራሁ ብዬ ኮራሁ።

ቀጥሎ የተጠመቀው ጠላ አልፈላም ማለት ይቻላል፤ የፈላውም የበረኪና ሽታ ነበረው። ከዚያ በኋላ ያለውም አልተስተካከለም። ደንበኞች አንድ ሁለት እያሉ ወደ ጎረቤት ሄዱ። እናቴ አንድ ቀን እንኳ «አንተ ነህ» አላለችኝም፤ «ጋኑ ተቀይሞ ነው» ትል ነበር። በመጨረሻ ጋኑን ትታ የፕላስቲክ በርሜል ገዛች። የዚያ ዓመት ወጪዬ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። አሁን መጠየቅ አልችልም፤ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል።

ንጽሕናን ልንቅ አይደለም የተነሣሁት። የፓስተር ትምህርት ስንት ሕፃን ከሞት እንዳዳነ የማያውቅ የለም፤ የተበከለ መጠጥም ሰው ይጎዳል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ስለ ጠላ ጥናት አልተደረገም ብዬም አልዋሽም። የእኔ ጥፋት መታጠብን ማምጣቴ አልነበረም፤ እናቴም በግራዋና በጭስ ከእኔ በፊት ታጥብ ነበር። ጥፋቴ የእርሷን መታጠብ እንደ መታጠብ አለመቁጠሬ ነው። ያልተረዳሁትን ሁሉ «ቆሻሻ» አልሁት። ሐንሰን ቢያንስ ማይክሮስኮፕ ነበረው፤ እኔ የነበረኝ ጠርሙስ በረኪናና የተማሪ ትዕቢት ነው።

ይህ ትዕቢት የእኔ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ሥልጣኔን በአንድ ንጹሕ እርሾ ልክ የሰፋን ትውልዶች ነን። በ1922 የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካ አዲስ አበባ ላይ ሲቆም «የፈረንጅ ጠላ» መጣ ተባለ፤ ዛሬ የተማረው ሰው ጠላን የሚያስታውሰው ለበዓልና ለዝክር ነው። ጠላ የሚጠምቁት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ሙያቸው ያለው በእጃቸው እንጂ በመዝገብ አይደለም። የአንዷ ሠፈር ጠላ ከሌላዋ የሚለይበትን ምክንያት እነርሱ ያውቃሉ፤ ሲያርፉ አብሯቸው ይሄዳል።

ከቤልጅየሙ ታሪክ የተማርሁት ሦስት ነገር ነው። አንድን ቅርስ ያተረፉት በመጀመሪያ እምቢ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ቀጥሎ ስሙን የጠበቀ ሕግ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ «በሽታ» ያለውን ቃል ለመሻር ድፍረት ያገኘ ሳይንስ ነው። እኛ የመጀመሪያውን ሳንለፋ አግኝተነዋል፤ ጠማቂዎቹ አሁንም በየመንደሩ አሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው የእኛ የተማርነው ሰዎች ዕዳ ነው። የምጽፈው ለሌላ ሰው ብቻ አይደለም፤ እኔም ጀምሬያለሁ። ካለፈው ጥር ወዲህ በእናቴ መንደር ያሉ ሦስት ጠላ ጠማቂ እናቶችን ከጥንስስ እስከ ጉሽ እየተከተልሁ ማስታወሻ እይዛለሁ። ከሦስቱ አንዷ በመጀመሪያው ቀን ጋናቸውን ሳይ በዓይናቸው ሲከታተሉኝ ቆዩና «አንተ ያ ጋን አጣቢው ልጅ አይደለህም እንዴ?» አሉኝ።

ነኝ አልኋቸው። ጋናቸውን ግን እንድነካ አልፈቀዱልኝም።

ቸር እንሰንብት።